ጭነቱን ከየት አመጣችሁት?

ሰኔ ገብቷል። ባሕር ዳር ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይከብዳል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው ክፍል ውስጥ መደማመጥ ያቅታል። ለእኛ መካኒካል ኢንጂነሪንግ ለምናስተምር ደግሞ ወሩ የፕሮጀክት ወር ነው። ጠረጴዛዬ ላይ 14 የማሽን ዲዛይን ሪፖርት ተደርድሯል። የበቆሎ መፈልፈያ አለ፣ የበርበሬ መፍጫ አለ፣ የጤፍ መውቂያ አለ፣ የእምቦጭ ማጨጃ አለ፣ የሽንኩርት መክተፊያም አለ። ልጆቹ የመረጡት ሁሉ እዚሁ ጎጃም ውስጥ ሰው ወገቡን የሚያጎብጥበት ሥራ ነው። ይሄ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

እስካሁን አራቱን አንብቤያለሁ። ከአራቱ በሦስቱ ውስጥ ያንኑ ዓረፍተ ነገር አገኘሁት። «ጭነቱ 500 ኒውተን ነው ብለን እንውሰድ።» ጭነት የምንለው ማሽኑ ላይ የሚያርፈው ኃይል ነው፣ መለኪያው ኒውተን። ከዚያ በኋላ 40 ገጽ ሒሳብ ይከተላል። ሻፍቱ (የሚዞረው ዘንግ)፣ ኩሽኔቱ (ሻፍቱ የሚዞርበት ቦል ቤሪንግ)፣ ቺንጋው፣ ፑሌጃው (ቺንጋው የሚጠመጠምበት ጎማ)፣ ብሎኑ ሳይቀር ተሰልቷል። ሒሳቡን አንድ በአንድ ተከታትዬዋለሁ፣ ስህተት የለውም። ግን 500 ከየት መጣ? አንድም ሰው አልመዘነውም። ካለፈው ዓመት ተማሪዎች ሪፖርት ላይ ነው የተወሰደው፣ እነሱም ከዚያ በፊት ከነበሩት ወስደውታል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ?

የማሽን ዲዛይን ፕሮጀክት ሳርም አሁን አሁን ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ጭነቱን ከየት አመጣችሁት?

ለምን እንደዚህ እንደምጨነቅበት በቁጥር ላሳያችሁ። የሻፍት ላይ ጭነት በእጥፍ ብንሳሳት፣ ማለትም 500 ያልነው 1,000 ሆኖ ቢገኝ፣ የሚያስፈልገው የሻፍት ውፍረት የሚጨምረው በ26 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። 25 ሚሊሜትር የነበረው 31.5 አካባቢ ይሆናል። ጥንካሬው ከውፍረቱ ጋር በኩብ ስለሚያድግ ነው። ተማሪው እዚህ ላይ «እንግዲያው ስህተቱ ትንሽ ነው» ይላል። ኩሽኔቱ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የቦል ቤሪንግ ዕድሜ ጭነቱ ሲጨምር በኩብ ነው የሚወርደው። ጭነቱ እጥፍ ከሆነ ዕድሜው አንድ ስምንተኛ ይሆናል። 10,000 ሰዓት ይሠራል ተብሎ ሪፖርቱ ላይ የተጻፈው 1,250 ሰዓት ላይ ያልቃል ማለት ነው። በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 156 ቀን። ገበሬው ማሽኑን የገዛው ለብዙ ዓመት መስሎት ነው፣ ኩሽኔቱ ግን በሁለተኛው የምርት ወቅት መጮህ ይጀምራል፣ ያኔ ደግሞ እኛ የለንም።

ይህን የተማርኩት በራሴ ስህተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ሁለት ግሩፖች በአንድ ቀን ዲፌንስ፣ ማለትም ፕሮጀክታቸውን ቆመው በቃል የሚያስረዱበትን፣ አቀረቡ። የመጀመሪያው የበርበሬ መፍጫ ነበር። ሪፖርቱ ወፍራም፣ ሽፋኑ የሚያምር፣ ሥዕሉ ሶሊድወርክስ በሚባል ሶፍትዌር የተሠራ፣ እስክሪኑ ላይ ማሽኑ ይዞራል፣ ይበተናል፣ ተመልሶ ይገጠማል። ጭነቱን ኮምፒውተር ላይ የሚሞክረው ሲሙሌሽን ቀይና ሰማያዊ ቀለም ለብሶ «ሴፍቲ ፋክተር 1.37» ይላል፣ ከተሰላው ጭነት 1.37 እጥፍ ይችላል ማለቱ ነው። ሁለተኛው የበቆሎ መፈልፈያ ነበር። ሪፖርቱ 22 ገጽ፣ ሥዕሉ በእጅ የተሠራ፣ አቅራቢው ልጅ እንግሊዝኛው እየተያዘበት ሦስት ጊዜ ቆመ። ለመጀመሪያው 92 ሰጠሁ። ለሁለተኛው 68።

ሁለተኛው ግሩፕ ምን አድርጎ እንደነበር አሁን ላውራችሁ። ከአባላቱ አንዱ የመርዓዊ አካባቢ ልጅ ነው። ቤተሰቡ በቆሎ ያመርታል። ልጆቹ ቅዳሜ ቀን ተያይዘው እሱ ቤት ሄዱ። በእጅ የሚሽከረከር አሮጌ መፈልፈያ ላይ ዲያሜትሩ 40 ሳንቲሜትር የሆነ የእንጨት ጎማ ገጠሙ፣ ጎማው ላይ ገመድ ጠመጠሙ፣ የገመዱን ጫፍ ከእጅ ሚዛን ጋር አስረው ጎተቱ። አንድ ራስ በቆሎ ሲገባ ሚዛኑ 8 ኪሎ አነበበ። ሁለት ሲገባ 11። ሦስት ሲገባ 14። ደጋግመው ሞከሩት፣ ውጤቱን በእርሳስ ጻፉት።

14 ኪሎ ማለት 137 ኒውተን ነው። በጎማው ግማሽ ዲያሜትር፣ በ0.2 ሜትር፣ ሲባዛ 27.5 ኒውተን ሜትር ቶርክ (የማዞር ኃይል) ይሆናል። በደቂቃ 600 ዙር ቢዞር 1.7 ኪሎዋት ይፈልጋል። ልጆቹ በእጅ ቀስ ብሎ መጎተትና በፍጥነት እየመታ የሚዞር ከበሮ አንድ እንዳልሆነ ገብቷቸዋል። ስለዚህ በ1.5 አባዙትና 2.6 ኪሎዋት አገኙ። ገበያ ላይ ያለው ቀጣዩ ዲናሞ (የኤሌክትሪክ ሞተር) 3 ኪሎዋት ነው። እዚህ ላይ ቆም አሉ። የሰፈሩ መስመር ሲንግል ፌዝ፣ ተራው የቤት መብራት መስመር፣ ነው፣ ማታ ማታ መብራቱ ራሱ ይደክማል፣ 3 ኪሎዋት ቢነሳበት ጎረቤት ሁሉ ይጮሃል። ምን አደረጉ መሰላችሁ? የማሽኑን አፍ አጠበቡት። ሦስት ራስ በአንድ ጊዜ እንዳይገባ አደረጉት። ሁለት ብቻ ከሆነ 11 ኪሎ ነው፣ ሒሳቡ ወደ 2 ኪሎዋት ይወርዳል፣ 2.2 ኪሎዋት ዲናሞ ይበቃል።

ዲዛይን ማለት ይሄ ነው። ከሚዛን ላይ የተነበበ ቁጥር ተነስቶ የማሽኑን አፍ ስፋት ወሰነ። እኔ ግን ያን ቀን አላየሁትም። ሥዕሉ በእጅ መሠራቱን ነው ያየሁት።

ሌላም ነገር ነበራቸው። የልጁን እናት «መፈልፈያ ቢሠራልሽ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብለው ጠይቀዋቸዋል። እናትየው ስለ ፍጥነት ምንም አላሉም። «ፍሬውን አይስበርብኝ» ነው ያሉት። የተሰበረ ፍሬ ለዘር አይሆንም፣ ጎተራ ሲገባም ነቀዝ የሚጀምረው ከእሱ ነው። ልጆቹ የከበሮውን ፍጥነት ዝቅ ያደረጉት በዚህ ምክንያት ነበር። ሪፖርቱ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ጽፈውታል። ሁለቱን መስመር አልፌያቸዋለሁ።

በርበሬ መፍጫውስ? ትንሽ ገንዘብ ተገኝቶ ተሠራ። በሁለተኛው ሳምንት ሻፍቱ ተሰበረ። ስብራቱን በእጄ ይዤ አየሁት። ከኪዌዩ (ፑሌጃውን ከሻፍቱ ጋር የሚይዘው ቁልፍ የሚገባበት ቦይ) ጥግ ጀምሮ ግማሹ ልስልስ ያለ፣ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ማዕበል የሚተወውን መስመር የመሰለ ምልክት ያለበት፣ ቀሪው ደግሞ ሻካራ ነበር። ፋቲግ፣ የብረት ድካም፣ ነው። በደቂቃ 600 የሚዞር ሻፍት በ28 ሰዓት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ወዲህና ወዲያ ይታጠፋል። ብረት አንድ ጊዜ ችሎ የተሸከመውን ጭነት ሚሊዮን ጊዜ ሲደጋገምበት አይችለውም፣ በተለይ ስል ጥግ ካለው። ልጆቹ ያሰሉት ግን ሻፍቱ ቆሞ ሳለ ነው። ያ ሁሉ ቀለም የቆመ ሻፍት ቀለም ነበር። እኔም ቀለሙን አይቼ 92 ሰጠሁበት።

ውጤቱ ገብቶ ስለነበር አልተቀየረም። የመርዓዊውን ልጅ ከተመረቀ በኋላ መንገድ ላይ አገኘሁትና ነገርኩት። «ያኔ በድዬሃለሁ» አልኩት። አፍሮ አቀርቅሮ «ተውት መምህር፣ እኛም በደንብ አላስረዳንም» አለኝ። አላስረዳንም ያለው ነገር ለብዙ ቀን ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ምክንያቱም ልጁ ማስረዳት አቅቶት አይደለም። በእንግሊዝኛ ማስረዳት ነው ያቃተው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ሪፖርቱም ዲፌንሱም እንደዚሁ። ይሄን ሕግ እኔ አልቀይረውም፣ ልጆቹ ነገ የሚያነቡት ካታሎግም በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቋንቋውን መልመድ አለባቸው። ግን ዲፌንስ ላይ አንድ ልጅ ሲንተባተብ ካየሁ አሁን «በአማርኛ ንገረኝ» እላለሁ። ያኔ ፊቱ ሲፈታ ብታዩት! አንዳንዱ እጁን እያወናጨፈ፣ ብዕሩን ሻፍት እያደረገ፣ ጣቱን ኩሽኔት እያደረገ ቁጭ ያደርገዋል። አንዳንዱ ደግሞ በአማርኛም ምንም አይለውም። ያኔ ችግሩ ቋንቋ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ሁለቱን መለየት ካልቻልኩ ምኑን ገመገምኩት?

ከዚያ ጊዜ ወዲህ ሥዕሎቹን ይዤ የምሄድበት አንድ ሰው አለኝ። ባሕር ዳር ውስጥ በቶርኖ፣ ብረት እያዞረ በሚቀርጽ ማሽን፣ የሚሠራ ሽማግሌ ነው። ሙያውን የተማረው ፖሊ ነው፣ ያ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ። ጋሼ ነው የምለው። ወረቀቱን ይቀበለኝና መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አጠገብ አድርጎ ያየዋል። ቀመር አይጠይቅም። የሚጠይቀው ለምሳሌ እንዲህ ነው፦

«ይሄን ኩሽኔት በየት በኩል ነው የማስገባው?»

አየሁት። የሻፍቱ ሁለቱም ጫፍ ከመሀሉ ይወፍራል። ኩሽኔቱ የሚቀመጠው መሀል ላይ ነው። ሻፍቱ ተቆርጦ ካልተቀጠለ በስተቀር ኩሽኔቱ የሚገባበት መንገድ የለም። ሦስት ሰዓት ተቀምጬ ያረምኩት ሪፖርት ነው። ሒሳቡ ልክ ነበር፣ ማሽኑ ግን ሊገጠም አይችልም። ሌላ ጊዜ ደግሞ ብሎን ያየና «መፍቻው የሚዞርበት ቦታ የታለ?» ይላል። ወይም 23.7 ሚሊሜትር ሻፍት ያይና ዝም ብሎ ይስቃል። ሱቅ ያለው ኩሽኔት ቀዳዳው 20 ነው፣ 25 ነው፣ 30 ነው። 23.7 የሚባል የለም። ሒሳቡ 23.7 ካለ 25 ነው የሚወሰደው፣ አስተማሪው ይህን ሳይናገር ካለፈ ተማሪው መቼ ያውቀዋል?

ቶለራንስም፣ ማለትም ከልኩ ምን ያህል መሳሳት እንደሚፈቀድ፣ ሌላ ጉድ ነው። ግማሹ ተማሪ ምንም አይጽፍም፣ ግማሹ ሁሉም ቦታ ላይ 0.01 ሚሊሜትር ይጽፋል፣ የክፈፉ አንጎላሬ ላይ ሳይቀር። ጋሼ ይህን ሲያይ «ይሄ ልጅ ገንዘብ አለው» ይላል። በመቶኛ ሚሊሜትር መሥራት ውድ ነው። ኩሽኔቱ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ያስፈልጋል፣ እዚያ 25 ሚሊሜትሩ ሻፍት ከጥቂት ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) እስከ 15 ማይክሮን ነው ወፈር ማለት ያለበት። ላሜራ ሽፋን ላይ ግን ሁለት ሚሊሜትር ቢሳሳትም ማንም አይሞትም። የትኛው ቦታ ጥንቃቄ እንደሚፈልግ ለይቶ ማወቅ፣ ለእኔ ከአሥር ገጽ ሒሳብ ይበልጣል።

ስለ ሲሙሌሽን አንድ ነገር ልበልና ልለፈው። አልጠላውም። ግን ስል የውስጥ ጥግ ያለበት ሞዴል ላይ ሜሹን (ሶፍትዌሩ ሞዴሉን የሚከፋፍልበትን መረብ) ባጠበብን ቁጥር ስትረሱ (ብረቱ ውስጥ ያለው ጫና) እየጨመረ ይሄዳል፣ መቆሚያም የለውም። ዛሬ 410 ሜጋፓስካል ያለው ነገ 530 ይላል፣ ከነገ ወዲያ 700። ስለዚህ «ሶፍትዌሩ ይሄን አለ» የሚል ተማሪ ካለ «ሜሹን በግማሽ አጥብበህ እንደገና አሳየኝ» እለዋለሁ። ቁጥሩ ከቆመ እሰየው። ካልቆመ ጥጉን ክብ አድርገህ ተመለስ። በእጁ ሸካራ ግምት ሠርቶ ከሶፍትዌሩ ጋር ያስተያየ ልጅ ግን ያለ ምንም ጥያቄ ነጥቡን ያገኛል።

አሁን ነጥብ የምሰጠው እንዲህ ነው። ከመቶው 30ው የጭነቱና የፍላጎቱ ነው፦ ማንን ጠየቃችሁ፣ ምን ለካችሁ፣ መለካት ካልቻላችሁ ከየት መጽሐፍ ወይም ካታሎግ አገኛችሁት፣ ግምት ከሆነም ለምን ያንን ገመታችሁ። 20ው የስሌቱ ነው። 20ው መሠራትና መገጠም መቻሉ ነው፣ እዚህ ላይ የጋሼን ጥያቄዎች እጠቀማለሁ። ሥዕሉ 15። የቀረው 15 ለእያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው በቃል የምሰጠው ነው። ድሮ ሪፖርቱና ሥዕሉ ብቻ 60 ነበሩ። ግምት አይፈቀድም አላልኩም፣ ይህ ይሰመርበት። ኢንጂነር ሳይገምት አይውልም። ግን ገማቹ መገመቱን ማወቅ አለበት፣ ግምቱ ሁለት እጥፍ ቢሳሳት የትኛው ዕቃ ቀድሞ እንደሚሄድም መናገር አለበት።

የቃል ጥያቄዋ 15 ነጥብ ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ብዙ ነገር ያወጣችው እሷ ናት። አምስት ሰው ያለበት ግሩፕ ውስጥ ሁለቱ ይሠራሉ፣ አንዱ ያቀርባል፣ ሁለቱ ኮፒ ቤት ይሄዳሉ። ይሄን ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን ለሁሉም እኩል እንሰጣለን። እኔ አንድ በአንድ አስገባና ከዲዛይኑ አንድ ነገር እቀይራለሁ። «ይሄ የማሽኑ ሻፍት ላይ ያለው ፑሌጃ ዲያሜትሩ በእጥፍ ቢያድግ ምን ምን ይቀየራል?» ሪፖርቱ ላይ መልሱ የለም። የሠራ ልጅ ጮክ ብሎ እያሰበ ይደርስበታል፦ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ቶርኩ ይጨምራል፣ ቺንጋው ይረዝማል፣ ሻፍቱ እንደገና ይሰላል። ያልሠራ ልጅ ጣራ ጣራውን ያያል።

አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ ነበረች። ዲፌንሱ ላይ ከኋላ ቆማ አንድ ቃል ሳትናገር ጨረሰች። ወንዶቹ ተራ በተራ አቀረቡ። እኔም በልቤ «ይቺ አልሠራችም» ብዬ ነበር፣ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ለብቻዋ ገብታ «ይሄን 6205 ኩሽኔት ለምን መረጣችሁ?» ስላት፣ ቦርሳዋን ከፍታ ደብተር አወጣች። ሦስት ኩሽኔት አስልታለች። 6204ቱ ዕድሜው አልበቃም፣ 6206ቱ ሻፍቱን ያለ ምክንያት ያወፍራል፣ ስለዚህ 6205፣ ቀዳዳው 25፣ ውጩ 52፣ ስፋቱ 15 ሚሊሜትር። ዋጋቸውን ሳይቀር ሱቅ ዞራ ጠይቃለች። የግሩፑን ስሌት ከግማሽ በላይ የሠራችው እሷ ነበረች። «ለምን አላቀረብሽም?» አልኳት። «እነሱ እናቀርባለን አሉ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የሚያቀርበውን ሰው የምመርጠው እኔ ነኝ፣ በዕለቱ ጠዋት።

ስለ መቅዳትም ማለት ያለብኝ አለ። ባለፈው አንድ የጤፍ መውቂያ ሪፖርት ሳነብ 31ኛው ገጽ ላይ «ስንዴው ከወንፊቱ ሲወርድ» የሚል አገኘሁ። የስንዴ መውቂያ ተወስዶ ስሙ ተቀይሯል። አብዛኛው አስተማሪ እዚህ ላይ ዜሮ ይሰጥና ይዘጋዋል። እኔ ጠራኋቸው። «ጤፍና ስንዴ ምን ያህል ይለያያሉ?» አልኳቸው። የጤፍ ፍሬ ርዝመቷ አንድ ሚሊሜትር ከምናምን ናት። ለስንዴ የተሠራ ንፋስ ማውጫ ጤፉን ከገለባው ጋር ጠርጎ ሜዳ ላይ ይበትነዋል። አንዱ ልጅ ይሄን ሲሰማ «እንዴ! አባቴ ይገለኛል» አለ። ሁለት ሳምንት ጨመርኩላቸው፣ ከፍተኛው ውጤታቸው 70 እንደማያልፍ ነገርኳቸው። ጤፍና ገለባ ቋጥረው መጥተው በቬንትሌተር ፊት እየበተኑ፣ ርቀቱን እየቀያየሩ ፍሬው የት ላይ እንደሚወድቅ ለኩ። 67 አገኙ፣ እና ከዚህ በፊት ካየኋቸው 80ዎች አንዳንዶቹ ይህን አያክሉም።

ባልደረቦቼ «60 ተማሪ አንድ በአንድ መቼ ይጠየቃል?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። እኔ ሪፖርት የማነብበትን ጊዜ ቀንሼ ነው ያገኘሁት። 40 ገጽ የተቀዳ ሒሳብ ከማንበብ፣ ለአንድ ልጅ ስምንት ደቂቃ መስጠት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። መሣሪያ የለንም የሚለውን ግን አልቀበልም። የእጅ ሚዛን፣ ገመድ፣ ሜትርና ስልክ ላይ ያለው ሰዓት ይበቃል።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የእምቦጭ ማጨጃዎቹ ይቀርባሉ። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በየዓመቱ ማለት ይቻላል አንድ ግሩፕ ይሄን ርዕስ ይመርጣል፣ አብዛኛው ደግሞ አረሙን ከመጽሐፍ ላይ ነው የሚመዝነው። እርጥብ እምቦጭ ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላዩ ውኃ ነው፣ ማሽኑ የሚያነሳው በአብዛኛው ውኃ ነው ማለት ነው። የዘንድሮዎቹ ትናንት ማታ ደወሉልኝ። ነገ ሐይቁ ዳር ሄደን አንድ ካሬ ሜትር አውጥተን ልንመዝን ነው፣ ሚዛንዎትን ያውሱናል ወይ አሉኝ። ጠዋት መጥታችሁ ውሰዱ አልኳቸው። ግን ረቡዕ እንድትመልሱ፣ ከእናንተ በኋላ የሽንኩርቶቹ ይፈልጉታል።